ድምፁ ከወዴት፣ ጠረኑ ወዴት

አዳኝ ለገዳይነት የሠራው የአውሬ መጥሪያ ዛሬ ጅብ ይቆጥርበታል። ስፒከሩን የት እናስቀምጠው የሚለው ጥያቄ ግን ቴክሳስም ሆነ አራት ኪሎ ያው ነው።

ሌሊት 9 ሰዓት አልፏል። ወሩ በገባ በሰባተኛው ቀን ነውና የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ከወትሮው ቀድሞ ነቅቷል። ነጠላ የተከናነቡ እናቶች በአራት ኪሎ በኩል አንድ ሁለት እያሉ ይመጣሉ። ጧፍ ሻጮች በሩ ላይ ተደርድረዋል። ከውስጥ ማኅሌቱ ይሰማል። በዚህ መሃል ከቅጥሩ ውጪ፣ ከጨለማው፣ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ብሎ ጀመረና መጨረሻው ላይ ሽቅብ ተመዘዘ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሡ።

«ከቀበና ነው» አለች ጧፍ የምትሸጠው ልጅ። «ኧረ ከቤተ መንግሥቱ ግድም ነው» አሏት አንዲት እናት፣ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ እየጠቆሙ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡት ዘበኛ ሁለቱንም ሰምተው ሲያበቁ በዱላቸው ወደ ሰሜን፣ ወደ ግንፍሌ ሸለቆ አናት አመለከቱ።

«ከዚያ ላይ ነው። ግን በዚያ አትጠብቁት።»

«ለምን አባባ?»

«ልጄ፣ ሲጮኽ ከላይ ነው፣ ሲመጣ ከታች ነው። ዞሮ ነው የሚመጣው።»

ዘበኛው ይህን የተማሩት ሌሊት ቆሞ ከማደር ነው። የአሜሪካ የኮዮቴ አዳኞች ደግሞ ለጀማሪ ከሚያስተምሩት ነገር ሁሉ የሚያስቀድሙት ይህንኑ ነው። የአፍሪካ የዱር እንስሳት ተመራማሪዎችም ጅብና አንበሳ በድምፅ ጠርተው ሲቆጥሩ ዓይናቸውን ወዴት እንደሚያደርጉ የሚወስንላቸው ይኸው ዕውቀት ነው። አውሬ ወደ ሰማው ድምፅ በቀጥታ አይሄድም፤ መጀመሪያ የድምፁን ባለቤት ጠረን ይፈልጋል። ስለዚህ ድምፅ ማጉያ የሚያስቀምጥ ሰው በራሱ ዓይን የሚመቸውን ቦታ ከመረጠ ተሸውዷል፤ መምረጥ ያለበት በአውሬው አፍንጫ ነው።

ከአፍ ወደ ሪሞት

ኮዮቴ በሰሜን አሜሪካ የሚኖር፣ ከሩቅ ላየው የእኛን ቀበሮ የሚመስል፣ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ የሆነ አውሬ ነው። የበግ አርቢዎች ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ በጥይት፣ በወጥመድና በመርዝ አሳደውታል። እሱ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ተስፋፍቶ ከሜዳማው ምዕራብ ተነሥቶ እስከ ትልልቅ ከተሞች መሃል ገባ። በቺካጎ ዙሪያ የኮዮቴን የከተማ ኑሮ የሚከታተል ጥናት ከ2000 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

አዳኞቹ ኮዮቴን ለማቅረብ የቆሰለች ጥንቸል ጩኸት ያስመስሉ ነበር። መጀመሪያ በአፍ የሚነፋ ትንሽ ፉጨት መሰል መሣሪያ ነበር፤ በ1950ዎቹ የቴክሳሶቹ በርንሃም ወንድማማቾች ይህን ሙያ በመላ አገሪቱ አስተዋወቁት። ቀጥሎ ጆኒ ስቱዋርት የተባለ፣ ዋኮ በምትባለው የቴክሳስ ከተማ የኖረ ሰው፣ የእንስሳትን እውነተኛ ድምፅ እየቀዳ በሸክላ መሸጥ ጀመረ። አዳኙ ሸክላ ማጫወቻና ባትሪ ተሸክሞ ጫካ ይገባ ነበር ማለት ነው። ከሸክላው በኋላ ካሴት መጣ፤ ከካሴቱ በኋላ በመቶ የሚቆጠሩ ድምፆችን የሚይዝ፣ ከሩቅ በሪሞት የሚታዘዝ ዲጂታል ስፒከር መጣ። ዛሬ ከታወቁት ሠሪዎች አንዱ የፔንሲልቫኒያው ፎክስፕሮ ነው።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው የድምፁ ጥራት ሳይሆን ሪሞቱ ነው። አዳኙ በአፉ በሚነፋበት ዘመን ድምፁ ያለበትና ሰውየው የተደበቀበት ቦታ አንድ ነበር። ኮዮቴው ጆሮውን ቀስሮ የድምፁን መነሻ በጥቂት ክንድ ልዩነት ስለሚያውቅ፣ ዓይኑን ሰውየው ላይ ተክሎ ይመጣል። ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ ሁሉን ያበላሻል። ሪሞት ሲመጣ ድምፅና ሰው ተለያዩ፤ ጥያቄውም ያኔ ተወለደ። መጥሪያው እዚያ፣ እኔ እዚህ ከሆንን፣ «እዚያ» የት ይሁን?

ነፋስ፣ ከፍታ፣ ጥላ

የአዳኞቹ መልስ ከነፋሱ ይጀምራል። አዳኙ ሲቀመጥ ነፋሱን በጎኑ ወይም በፊቱ ያደርጋል። ስፒከሩን ከራሱ ከ50 እስከ 100 ሜትር ያርቅና ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ያስቀምጠዋል። ምክንያቱ የአውሬው ጠባይ ነው። ኮዮቴው የጥንቸሏን ጩኸት ሲሰማ ጥቂት ይቀርብና ይዞራል፤ ነፋሱ ድምፁን አልፎ ወደሚሄድበት ወገን ወርዶ፣ የጥንቸሏን ጠረን በአፍንጫው ሊቀበል ይሞክራል። ሲዞር የሚያልፍበት መስመር አዳኙ ፊት ለፊት እንዲወድቅ ነው ስፒከሩ ወደ ነፋሱ መምጫ የተገፋው። ሰውየው ስፒከሩን አጠገቡ ካደረገ ግን አውሬው ከጀርባው ዞሮ የጥንቸል ሽታ ሲጠብቅ የሰው ላብና የጫማ ሽታ ይደርሰዋል። ያ አውሬ ያን ቀን አይታይም።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ስፒከር ድምፁን ሣርና ቁጥቋጦ ይውጡታል። ጉልበት ወይም ወገብ ድረስ ከፍ ብሎ ቅርንጫፍ ላይ ቢንጠለጠል ግን ብዙ ይራመዳል። ይህን ለማወቅ አዳኝ መሆን አያስፈልግም፤ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ለምን ከጣሪያና ከግንብ አናት ላይ እንደሚሰቀል የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ብርሃንና ጥላ ነው። አዳኙ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ የአውሬው ዓይን ግን ብርሃን ላይ ወዳለው ስፒከር ይሳባል። አንዳንዱ ከስፒከሩ አጠገብ የምትንቀጠቀጥ ላባ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ያቆማል፤ የመጣው አውሬ የሚያየው ነገር ካገኘ ሰው አይፈልግም።

አራተኛውን ጀማሪዎች ይረሱታል፤ እሱም ስፒከሩን ለማስቀመጥ የሚሄዱበት መንገድ ነው። አውሬው ይመጣበታል ተብሎ የሚጠበቀውን መስመር በእግሩ አቋርጦ ስፒከር የተከለ ሰው ጠረኑን ሣሩ ላይ ዘርቶ ተመልሷል። መጥሪያው በጥሩ ቦታ ቢሆንም አውሬው የሰውየው ዳና ላይ ሲደርስ ቆሞ ይመለሳል።

ከዚህ በኋላ የድምፁ መጠን ይመጣል። መጀመሪያ ዝቅ ይደረጋል፤ ምናልባት አውሬው እዚያው ቅርብ ተኝቶ ይሆናልና በድንገተኛ ጩኸት መባረር የለበትም። ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይጀምራል። ሩብ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ ይጠበቃል። ካልመጣ ሌላ ቦታ ይኬዳል።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ቀላል የፊዚክስ ሕግ አለ። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር የድምፅ ኃይል በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። አንድ ሜትር ላይ 110 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ቢበዛ 50 ይቀርለታል፤ አየሩና ቁጥቋጦው የሚውጡት ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቀጭን ድምፅ በአየር ውስጥ ቶሎ ይከስማል፤ ወፍራም ድምፅ ይራመዳል። የጥንቸል ሲቃ ለኮዮቴ የሚበቃውን ያህል ነው የሚሄደው። የጅብ ጥሪ ግን እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሰማ ይችላል።

ጥይቱ ሲቀር

የአዳኞቹ መሣሪያ ወደ ተመራማሪዎች እጅ የገባው አውሬን ከሩቅ መጥራት ስለሚችል ነው። ጅብና አንበሳ በሌሊት የሚንቀሳቀሱ፣ ቀን የሚደበቁ፣ በዓይን ለመቁጠር የማይመቹ ናቸው። ወደ እነሱ ከመሄድ እነሱን መጥራት ይቀላል። በኬንያው ማሳይ ማራ ኦጉቱና ደብሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ፓርክ ደግሞ ሚልስና ባልደረቦቹ በ2001 ባሳተሙት፣ ስፒከር ጣሪያው ላይ የተጫነ መኪና እያቆሙ በአውሬ የተያዘ እንስሳ ጩኸትና የጅብ ጠብ ድምፅ በማሰማት የሚመጡትን ቆጠሩ።

ሁለቱም ጥናቶች ቁጥሩን ከመቀበላቸው በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ነበረባቸው። አንደኛው ድምፁ እስከ ስንት ርቀት ጅብ ያመጣል የሚለው ነው፤ ሜዳማ አገር ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ከሰሙት ውስጥ ስንቱ ይመጣል የሚለው ነው። ሰምቶ የማይመጣ አለ፤ የጠገበ፣ የፈራ፣ ግልገሎቹን የሚጠብቅ። ያን ሳያስተካክሉ የመጡትን ብቻ ቆጥሮ «ይህን ያህል ጅብ አለ» ማለት ቀሪዎቹን መርሳት ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የጥሪ ጣቢያዎቹ አንዱ ጅብ በሁለት ጣቢያ እንዳይቆጠር ተራርቀው ይመረጣሉ። ሌሊት ላይ መኪናው ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል። ድምፁ ለጥቂት ደቂቃ ይሰማል፣ ይቆማል፣ ስፒከሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ እንደገና ይሰማል። ከዚያ ጭጭ ብሎ መጠበቅ ነው። የሚያበራ ዓይን በባትሪ ብርሃን ሲታይ ይቆጠራል። ቆጣሪዎቹ ከኮዮቴ አዳኙ የሚለዩት ጠመንጃ ባለመያዛቸው ነው፤ ነፋሱን ግን እንደ እሱ ይጠነቀቁታል።

አገራችን ውስጥ ይህን ዘዴ በሰፊው የተጠቀሙት ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የተነሡ ተመራማሪዎች ናቸው። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በእንደርታና በሌሎች የትግራይ አካባቢዎች ጅብን በድምፅ እየጠሩ ቆጥረዋል፤ የሚያድነው የዱር እንስሳ እምብዛም በሌለበት፣ ሰው በብዛት በሰፈረበት መሬት ላይ ጅብ በብዛት እንደሚኖርም አሳይተዋል። ጅቡ የሚኖረው በከብት ሬሳ፣ በሥጋ ቤት ተረፍና በከተማ ቆሻሻ መጣያ ነው።

ከእነዚህ ጥናቶች አንዱ፣ በ2012 የወጣው፣ ለእኛ ለጿሚዎቹ የተለየ ትርጉም አለው። ተመራማሪዎቹ ከዓቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ 55 ቀናትና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር መረመሩ። ጾሙ ሲገባ እርድ ይቀንሳል፣ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ የሚጣል አጥንትና አንጀት ይጠፋል። በዚያን ጊዜ በጅቡ ኩስ ውስጥ የአህያ ፀጉር ጨመረ፤ ተረፍ ሲያጣ ወደ አደን ዞሯል ማለት ነው። ስለዚህ የቆጣሪው የቀን መቁጠሪያ ከጾሙ ጋር መሄድ አለበት። በጾመ ሁዳዴ የሚቆጥርና በፋሲካ ማግስት የሚቆጥር ጅቡን አንድ ቦታ ላያገኙት ይችላሉ፤ በጥሪው ድምፅ የሚመጣው የረሃብተኛው ቁጥርም ይለያል።

ሥላሴ ላይ ቢተከል

አሁን ወደ አራት ኪሎ እንመለስና ስፒከሩን በሐሳብ እንትከለው። ካቴድራሉ የቆመው ከፍታ ላይ ነው። በስተ ምሥራቅ የግንፍሌ ሸለቆ፣ ከእሱ ወዲያ ቀበና አለ፤ ሁለቱም ውኃቸውን የሚያመጡት ከእንጦጦ ነው። በደቡብ በኩል መሬቱ ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ፍልውኃ ይወርዳል። በምዕራብ ፒያሳና አራዳ አሉ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከተማው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተዘረጋው። በሁለቱ መሃል ያሉት ሸለቆዎች ለጅብ ጎዳናዎች ናቸው፤ ጨለማ፣ ቁጥቋጦ፣ ውኃና የተጣለ ተረፍ ሁሉም በአንድ መስመር ይገኛሉ።

ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በተኛበት ሌሊት ኮረብታው ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና እንደ ውኃ በሸለቆዎቹ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሌሊት ላይ በግንፍሌ የሚነፍሰው አየር ብዙውን ጊዜ ከእንጦጦ ወደ ከተማ ነው። ከላይ የሚወርደው ጅብ ነፋሱን በጀርባው ይዞ ይመጣል፤ ከፊቱ ያለውን ነገር ይሰማል እንጂ አያሸትም። ሊያሸት ከፈለገ ድምፁን በጎን አልፎ ወርዶ፣ በስተ ደቡብ ዞሮ፣ ፊቱን ወደ እንጦጦ መልሶ መቅረብ አለበት። የዘበኛው «ሲጮኽ ከላይ፣ ሲመጣ ከታች» ይህ ነው። ስፒከሩን ካቴድራሉ አጠገብ ተክሎ ባትሪውን ወደ እንጦጦ የሚያበራ ቆጣሪ ጀርባውን ለጅቦቹ ሰጥቷል። ተመልካቾቹ ከስፒከሩ በስተጎን፣ ፊታቸውን ወደ ታችኛው የሸለቆ ጠርዝ አድርገው፣ የራሳቸው ጠረን ወደዚያ እንዳይወርድ ከመስመሩ ወጣ ብለው መቀመጥ ይኖርባቸዋል። ፀሐይ ወጥታ መሬቱ ሲሞቅ ደግሞ አየሩ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል፤ ያኔ ሁሉ ነገር ይገለበጣል።

የሌሊቱ ቅዝቃዜ ሌላም ሥራ አለው። ከምድሩ አጠገብ ያለው አየር ከላዩ ካለው ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ሰማይ ከማምለጥ ይልቅ ወደ ምድር ይታጠፋል፤ ስለዚህ ርቆ ይሰማል። በሌላ በኩል የሸለቆ ግድግዳና የሕንፃ ግንብ ድምፁን እየመለሱ አቅጣጫውን ያምታታሉ። ጧፍ ሻጯና እናትየው በሁለት የተለያየ አቅጣጫ የጠቆሙት ጆሯቸው ስለደከመ አይደለም፤ ሁለቱም የሰሙት ከግንብና ከሸለቆ ግድግዳ የተመለሰውን ሊሆን ይችላል።

ከተማው ደግሞ ይለዋወጣል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን አፍርሶ እንደገና ሠርቷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ የወንዝ ዳርቻዎችም እየተጸዱ በድንጋይ እየተገነቡ ነው። ይህ ሁሉ የድምፁን መንገድም የጅቡንም መንገድ ይቀይራል። ጥንት አዲስ አበባ ከተመሠረተችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ጅብ የከተማዋ የሌሊት ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ትልቁ ገበያ አራዳ ላይ በነበረበት ዘመን፣ ጣሊያን ወደ ዛሬው መርካቶ ሳያዛውረው በፊት፣ ጅቡ የት እንደሚመጣ ሁሉም ያውቀው ነበር። ገበያው ሲሄድ ጅቡም ምግቡን ተከትሎ ይሄዳል።

ቆጠራው ምን ያህል ሥራ እንደሆነ በቀላል ሒሳብ ይታያል። በሜዳው ልክ ሦስት ኪሎ ሜትር ብንወስድ አንድ ጣቢያ 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነችው አዲስ አበባ ሃያ የማይሞሉ ጣቢያዎች የሚበቁ ይመስላል። ነገር ግን ግንብ፣ መኪናና የውሻ ጩኸት ባለበት ከተማ ድምፁ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢደርስ አንድ ጣቢያ የሚሸፍነው ከሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ የሚያስፈልጉት ጣቢያዎች ከ150 ይበልጣሉ። የሜዳውን ቁጥር ይዞ ከተማ የገባ ቆጣሪ ከተማዋን አንድ ጊዜ ሳያዳርስ «ጨረስኩ» ይላል።

ጅቡም ይቆጥራል

መጥሪያ ሲደጋገም ኃይሉን ያጣል። የኮዮቴ አዳኞች አንድን ድምፅ አንድ ቦታ ላይ አብዝተው ካሰሙ አውሬው «ተምሯል» ይላሉ፤ ድምፁን ሲሰማ ይሸሻል። በቆጠራም እንዲሁ ነው፤ ጣቢያው በየሳምንቱ ከተጎበኘ ጅቦቹ ድምፁ ባዶ መሆኑን ያውቁና መምጣት ያቆማሉ። የሚመጣው ቁጥር ሲወርድ ጅብ የቀነሰ ይመስላል፤ የቀነሰው እምነታቸው ነው።

ጅብ ከዚህም በላይ ብልህ ነው። እያንዳንዱ ጅብ የራሱ የጥሪ ድምፅ አለው፤ ጓደኞቹ በድምፁ ይለዩታል። ኬንያ ውስጥ ቤንሰን-አምራምና ባልደረቦቿ በ2011 ባሳተሙት ጥናት ለጅቦች የማያውቋቸውን ጅቦች ድምፅ በስፒከር አሰሙ። የአንድ እንግዳ ድምፅና የሦስት እንግዶች ድምፅ ሲሰሙ ምላሻቸው አንድ አልነበረም፤ ብዙ እንግዳ ሲሰሙ የበለጠ ይጠነቀቃሉ። ሰው በስፒከር ጅብ ሲቆጥር፣ ጅቡም በስፒከሩ ውስጥ ያሉትን ጅቦች እየቆጠረ ነው። የሌላ አገር ጅቦች ጠብ የተቀዳበት ድምፅ ለአንዱ ጅብ ግብዣ፣ ለሌላው ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚሰማው ድምፅ ምርጫ ራሱ ከስፒከሩ ቦታ እኩል ውጤቱን ይወስናል።

ያለ ስፒከር የሚጠራ አገርም አለን። ሐረር ላይ ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ፣ በምሽቱ ያው ሰዓት፣ የጅብ መጋቢው ጅቦቹን በየስማቸው ይጠራል፤ እነሱም ይመጣሉ። ዩሱፍ ሙሜ ሳሌህ በዚህ ሥራ በመላው ዓለም የታወቁ ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ሥራውን ይዞታል። በግንቡ ሥር ያሉት ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች «ዋራባ ኑዱል» ይባላሉ። አውስትራሊያዊው ማርከስ ቤይንስ-ሮክ ከእነዚህ ጅቦች ጋር ኖሮ በ2015 መጽሐፍ አሳትሟል። የሐረሩ ጥሪ የማይሰለቸው ከጥሪው በኋላ ሥጋ ስላለ ነው። የአዳኙ ስፒከር የጥንቸል ድምፅ ያሰማና ጥይት ይሰጣል፣ የቆጣሪው ያሰማና ምንም አይሰጥም፣ ሐረሬው ያሰማና ያጎርሳል። ከሦስቱ ለዓመታት መጥራት የቻለው ሐረሬው ብቻ ነው።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ጅብ የምንነጋገረው ሰው ወይም በግ ሲነካ ነው። በዚያን ጊዜ ፍርሃት ይነግሣል፤ ተኳሽ ይጠየቃል። በከተማችን መሃል ጅብ በጥይት የተገደለበት ጊዜም አለ። ጅብ ሰውን ሊያጠቃ መቻሉ እውነት ነው፤ ሌሊት ደጅ የሚያድር ሰውና ሕፃን የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች ናቸው። ነገር ግን ከአንድ ሸለቆ አምስት ጅብ መግደል ምግቡ እዚያው እስካለ ድረስ ሌላ አምስት ጅብ መጋበዝ ነው፤ አሜሪካ ኮዮቴን ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ ገድላ የተረዳችው ይህን ነው።

ጅቡ የሚሠራልን ሥራ ደግሞ በገንዘብ ተተምኗል። በ2021 የታተመ ጥናት በመቀሌ ዙሪያ ያሉት ጅቦች በዓመት 207 ቶን ገደማ የእንስሳት ሬሳና ተረፍ እንደሚያጸዱ ገምቷል። ይህም በዓመት አምስት ሰዎችና 140 ከብቶች፣ በጎችና ፍየሎች በአባ ሰንጋና በከብት ሳንባ ነቀርሳ ከመያዝ እንዲድኑ ያደርጋል፤ የሚያስቀረው ወጪ ከ50,000 ዶላር በላይ ተሰልቷል። ሕጉም ዝም አላለም፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይታደንም። ማንም ተነሥቶ በሰፈሩ ሸለቆ የጅብ ድምፅ በስፒከር ቢለቅ ደግሞ ሥራው ቆጠራ አይባልም፤ ጅብ ወደ ሰው ደጅ መሳብ ነው። ይህ በፈቃድ፣ በሙያተኛ፣ ከቤት በራቀ የሸለቆ ጠርዝ የሚደረግ ሥራ ነው።

ሙያተኛው ሩቅ አይደለም። ከካቴድራሉ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲኬድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ አለ፤ የእንስሳት ሙዚየሙም የሥነ ሕይወት መምህራኑም እዚያው ናቸው። በከተማው ሸለቆዎች ሁሉ ሁለት ዙር ቆጠራ ቢደረግ፣ አንዱ በሁዳዴ ሌላው በፍስኩ ወራት፣ ጅቡ ከየትኛው ሥጋ ቤት ተረፍ፣ ከየትኛው ድልድይ ሥር፣ ከየትኛው ቆሻሻ ክምር እንደሚኖር የሚያሳይ ካርታ ይወጣል። የሁለቱ ዙር ልዩነት ብቻውን እርድ ሲቆም ጅቡ ወዴት እንደሚዞር፣ በየትኛው ሰፈር ለአህያና ለበግ፣ ለደጅ አዳሪም መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ይናገራል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ እስካሁን የምንነሣው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ተረፉ ወንዝ ውስጥ ሳይጣል ማታውኑ ቢነሣ ጅቡ በዚያ ሸለቆ የሚቆይበት ምክንያት ይቀንሳል። ወደ ሸለቆው ተኳሽ ከመላክ የቆሻሻ መኪና መላክ ይረክሳል፤ መኪናው ወደ የትኛው ሸለቆ፣ በየትኛው ወር ይሂድ የሚለውን ግን ያለ ቆጠራ ማንም ሊያውቀው አይችልም።